ከጣሳው ሥር የተጫረ ስም

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ። እንደ ልማዷ እየዘለለች እንዳታልፍ።

ባለፈው ሳምንት እረፍት አግኝቼ ከአቴንስ በአውቶቡስ ኦሊምፒያ ሄጄ ነበር። የጥንቱ ኦሊምፒክ ይካሄድበት የነበረው ቦታ ነው። እኔን የወሰደኝ ግን ሩጫው ሳይሆን እዚያ የነበረው የዜውስ፣ የጥንት ግሪኮች ዋና አምላክ፣ ሐውልት ነው። "የነበረው" ያልኩት ዛሬ ቁራጩ እንኳ ስለሌለ ነው።

ፊዲያስ የሚባል ቀራጭ ነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ435 ገደማ የሠራው። ዜውስ ዙፋን ላይ እንደተቀመጠ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ነበር። ስትራቦ የተባለው ጸሐፊ፣ ብድግ ቢል ጣሪያውን ይዞ ይነሳል ብሎ ተችቶታል። ገላው የዝሆን ጥርስ፣ ልብሱ ወርቅ ነው። ዙፋኑ ላይ ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨትም ገብቶበታል። ግሪኮች ለሐውልት የሚሆን የዝሆን ጥርስ ከህንድና ከኢትዮጵያ ያስመጡ እንደነበር ፓውሳንያስ የሚባል የጥንት ተጓዥ ጸሐፊ ጽፏል። ያኔ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በታች ያለውን አገር ሁሉ ነው። ቢሆንም ደረቴን ነፋ ሳላደርግ አልቀረሁም።

እርስዎን፣ አናጢውን፣ የሚመለከተው ግን ውስጡ ነው። ድፍን ወርቅ እንዳይመስልዎ፣ አጥንቱ እንጨት ነው! ሉቅያኖስ የሚባል ቀልደኛ ጸሐፊ ስለነዚህ ትልልቅ ሐውልቶች ሲያወራ፣ ከላይ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ ከውስጥ ግን ወራጅ፣ ሚስማር፣ ሽብልቅ፣ ቅጥራን፣ ከዚያም አይጥ ይላል። የእማዬ ቁም ሳጥን ትዝ አለኝ። "ጀርባውን ማን ያየዋል?" ሲሏት ዞራ አላየችውም?

ኦሊምፒያ ረግረግ ነው። እርጥበቱ የዝሆን ጥርሱን እንዳያበላሸው ዘይት ይጠቀሙ ነበር። ከሐውልቱ ፊት ያለው ወለል ጥቁር ድንጋይ ሆኖ፣ ዘይቱ እንዳይፈስ ዙሪያውን ከፍ ያለ የእብነ በረድ ጠርዝ ነበረው። አቴንስ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አክሮፖሊስ የሚባለው ኮረብታ ደረቅ ስለሆነ እዚያ ለነበረችው የአቴና የምትባል አምላካቸው ሐውልት የሚያስፈልጋት ውሃ ነበር። እርስዎስ ክረምት የሠሩት በር በጋ ላይ ሲሰነጠቅ ስንቴ ተማርረው ያውቃሉ?

ሐውልቱን የማጽዳት መብት የተሰጠው ለማን መሰለዎ? ለፊዲያስ ዘሮች! ፓውሳንያስ የጎበኘው ከ600 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ያኔም አቧራውን የሚጠርጉት እነሱ ነበሩ። መላጊያ እንኳ በቅጡ መያዝ ያልቻልኩት ልጅዎ ይህን ሳነብ አፈርኩ።

ሐውልቱ ወደ ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ተወስዶ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ475 በተነሳው ቃጠሎ ነደደ ይባላል። የለም፣ እዚያው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው የተቃጠለው የሚሉም አሉ። የተረፈው ፊዲያስ የሠራበት ወርክሾፕ ነው። በኋላ ቤተ ክርስቲያን አድርገውታል፣ ግድግዳው አሁንም ቆሟል። ገብቼ አማተብኩ።

በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ጀርመኖች ሲቆፍሩት የሸክላ ቅርጽ ማውጫዎችና ከአጥንት የተሠሩ መሣሪያዎች ወጡ። አብሮ አንዲት ትንሽ ጥቁር ማንቆርቆሪያ ተገኘች። ሙዚየሙ ውስጥ አየኋት፣ በአንድ እጅ የምትያዝ ናት። ከሥሯ በግሪክኛ "የፊዲያስ ነኝ" የሚል ተጭሯል።

አባዬ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የነበሩት ቱሪስቶች ዞረው አዩኝ። ረዳቶችዎ ሻይ እየጠጡበት ቢያስቸግሩዎ በሚስማር ስምዎን የጫሩበት ሰማያዊ ጣሳ ነው ትዝ ያለኝ። አንደኛው ፊደል ተገልብጦ ነበር፣ አይደል?

እህቴ ቤት ስታጸዳ ምናምን ነው ብላ እንዳትጥለው። ገልብጣ ሥሩን ፎቶ ታንሳውና ትላክልኝ።

ልጅዎ፣
ከአቴንስ