ለገሃር ይታደስ ከተባለ ከየት ይጀመራል?

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከቀድሞ የባቡር ባልደረቦችዎ ጋር ስትጫወቱ ስለ አሮጌው የአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ፣ ስለ ለገሃር ሕንፃ፣ "እድሳቱ ከየት ይጀመራል?" ተብሎ የተነሣውን ጥያቄ ልመልስልዎ። ሐዲዱንና ፉርጎውን እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣሪያው ልጻፍ።

መጀመሪያ ዕድሜውን መለየት ነው። ብዙ ሰው ባቡሩና ሕንፃው አብረው የመጡ ይመስለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በገንዘብ እጦት ለዓመታት ቆመ። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ፈረንሳዊው ፖል ባርያ የነደፈው የዛሬው ሕንፃ የተመረቀው ግን ኅዳር 24 ቀን 1922 ነው፤ ከባቡሩ ከ12 ዓመት በላይ ዘግይቶ። ስለዚህ የግቢውን ቤቶች ሁሉ የአንድ ዘመን ሥራ አድርጎ በአንድ ዓይነት ማደስ ስሕተት ነው።

ቦታውም የሕንፃው አካል ነው። ከጣቢያው ፊት የተዘረጋው የቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወጥቶ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ይቆማል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና ዋዜማ በ1923 የቆመው፣ የፈረንሳዊው ቀራፂ የጆርጅ ጋርዴ ሥራ የሆነው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ያለው ከጣቢያው ፊት ነው፤ ጣሊያን ሮም ወስዶት ኋላ ተመልሷል። ይህን እይታ የሚዘጋ ነገር ከፊቱ ከተሠራ ግድግዳው ቢያምርም ጣቢያው ግማሽ ክብሩን ያጣል።

ወደ ጥገናው ስመጣ፣ አሮጌ ሕንፃን ከምንም በላይ የሚጎዳው ውሃ ነው። ከሰኔ በፊት አሸንዳው ተጠርጎ፣ መውረጃ ቱቦው ላይ ባልዲ ውሃ አፍስሶ ከታች መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል። ከቱቦው ጀርባ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከታየ ቱቦው ተደፍኗል ወይም ተሰንጥቋል። ይህ ሳይስተካከል ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው።

ቀጥሎ የድንጋዩ መገጣጠሚያ። ማያያዣው በምስማር ሲፋቅ እንደ ዱቄት ከረገፈ ኖራ ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው ግን በባለሙያ ይመርመር። ኖራ ሆኖ ሳለ በሲሚንቶ ከተደፈነ እርጥበቱ መውጫ ያጣና በድንጋዩ ፊት በኩል ይወጣል፤ ጨው እዚያው ይረጋና ድንጋዩን ይልጠዋል። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ስለሚታይ ግንበኛውን ማንም አይጠይቀውም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ትክክለኛው መንገድ የላላውን ማያያዣ በመዶሻና በመሮ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ማውጣት፣ አቧራውን ማጠብ፣ ግድግዳውን ማርጠብና 1 እጅ ኖራ ከ3 እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር ለውሶ ጠቅጥቆ መሙላት ነው። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፤ ፀሐይ ፈጥና ካደረቀችው ይሰነጠቃል። በኤሌክትሪክ መቁረጫ መክፈት የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል፤ አይፈቀድ።

"ባቡሩ ይመለስበት" የሚሉት ጓደኞችዎ ምኞታቸው ይገባኛል። ነገር ግን የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ የጅቡቲ መስመር 1.435 ሜትር ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ አይሄድም። አዲሱ ባቡርም የሚነሣው ከከተማው ዳር ነው። እኔ ብጠየቅ ሕንፃው ከነቲኬት መስኮቱ የባቡሩ ታሪክ ማሳያ ቢሆን እመርጣለሁ።

የዝናብ ውሃ በግቢው ውስጥ በየት በየት ይወርድ እንደነበር የምታስታውሱትን በወረቀት ሥላችሁ ብትልኩልኝ ለሥራው በጣም ይረዳል። የተደፈነ የድሮ ቦይ ካለ መጀመሪያ የሚቆፈረው እሱ ነው።

ጤናዎን ይስጥልኝ።

ልጅዎ