ቲዩብ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ሲበላሽ ቤት ውስጥ ማድረግ ስለሚቻለውና ስለማይቻለው

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛችን የግራው ድምፅ የጠፋበትን አምፕሊፋየር ከነሲዲ ማጫወቻው ይዘው መጡ። አሜሪካ ባሉ ዘመዳቸው በኩል አራት የኃይል ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎለብቱ፣ አምፑል የሚመስሉ ትልልቅ የመስታወት ዕቃዎች) አስመጥተው ለውጠዋል፤ ግራው ግን እንደ ጠፋ ነው። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ የተሰኩትን የግራና የቀኝ ገመዶች ብናቀያይራቸው ዝምታው ወደ ቀኝ ዞረ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነበር ማለት ነው። የገመዱን መሰኪያ ፈትተን ስናይ ፀጉር የሚያክለው የመዳብ ሽቦ ከብየዳው ተላቋል። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ላወጡት ገንዘብና ቲዩቦቹን ሲጠብቁ ለቆዩት ሁለት ወር ከልብ አዘንን፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ብልሽቱ የት እንዳለ ፈልጉ። መጀመሪያ ከማጫወቻው የሚመጡትን ገመዶች፣ ቀጥሎ የድምፅ ማጉያዎቹን (የስፒከሮቹን) ገመዶች፣ ከዚያ እንደ 12ኤኤክስ7 ያሉትን ትንንሽ ቲዩቦች ግራና ቀኝ አቀያይሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። በእያንዳንዱ ሙከራ መካከል ማብሪያውን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ ቲዩቦቹም እስኪቀዘቅዙ ጠብቁ። ችግሩ ቲዩቡን ተከትሎ ወደ ሌላው ጎን ከሄደ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው፤ ባለበት ከቀረ ግን አዲስ ቲዩብ መግዛት ምንም አይጠቅማችሁም። እንደ ኢኤል34 ያሉትን ትልልቆቹን የኃይል ቲዩቦች ማቀያየሩን ለእኛ ተዉልን፤ ብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች ላይ እነዚህ ሲቀየሩ በመለኪያ የሚስተካከል ነገር አለ።

አምፕሊፋየሩን ድምፅ ማጉያ ሳይገናኝበት ፈጽሞ አታብሩት። ድምፁን ወደ ስፒከሩ የሚያወጣው ትራንስፎርመር ጭነት ሲያጣ ውስጡ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተፈጥሮ የሽቦ ጥቅሉን ሊያቃጥለው ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከቲዩብ ይልቅ እጅግ ውድ ነው።

መብራት አጥፍታችሁ ቲዩቦቹን ተመልከቱ። መሐሉ ላይ እንደ ፍም የሚበራው ብርቱካናማ ብርሃን ጤናማ ነው። መስታወቱ ላይ የሚታየው ስስ ሰማያዊ ብርሃንም አያስፈራም። ነገር ግን ዙሪያውን ያለው ግራጫ ብረት ራሱ መቅላት ከጀመረ ዘፈኑ እስኪያልቅ እንኳ አትጠብቁ፤ በዚያው ቅጽበት አጥፉት። የቲዩቡ አናት ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ብርማ ቅብ እንደ ወተት ከነጣ አየር ገብቶበታል፤ አበቃለት።

ማጉረምረም ከሰማችሁ ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሱት። ማጉረምረሙም አብሮ ከጠፋ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከማጫወቻው ወይም ከገመዱ ነው። ካልጠፋ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ደክመው ሊሆን ይችላል። ይህን በተለይ ከአባት ከእናት ለቀረላችሁ የድሮ ባለ ቲዩብ ሬድዮ አስቡበት፤ ለዓመታት ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ካፓሲተሩ ስለሚደርቅ ሳያስመረምሩ ሶኬት ላይ መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል።

አሁን ወደሚያሳስበን ጉዳይ እንምጣ። የአሜሪካ ዕቃ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ ለሚመላለስበት ብዛት) የተሠራ ነው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራው ለ100 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት ግን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከገበያ የምትገዙት ማውረጃ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ጀርባው ላይ 50/60 የሚል ከተጻፈ አትስጉ። 60 ብቻ ካለ ግን ከመጠን በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ከመጠቀማችሁ በፊት አሳዩን። መብራት ሲጠፋም ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲመለስ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ።

ፊውዝ ከተቃጠለ በዚያው መጠን አንድ ጊዜ ብቻ ተኩ። ድጋሚ ከተቃጠለ አቁሙ። ከሲጋራ ፓኬት በወጣ ብርማ ወረቀት ፊውዙን ጠቅልለው የመለሱት አምፕሊፋየር አንድ ጊዜ እጃችን ላይ ገብቶ ነበር፤ ዋናው ትራንስፎርመር ከስሎ ሰሙ ወለሉ ላይ ፈስሶ ነበር። የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ጥሩ ዕቃ ነበር፤ እንደ አዲስ አስጠቅልለን ለመመለስ አራት ወር ፈጀብን።

ክዳኑን አትክፈቱ። ውስጡ ከ300 እስከ 500 ቮልት ይዞራል፤ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ሳይቀር ያን ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል።

ለጥገና ስታመጡልን ቲዩቦቹን ነቅላችሁ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልሉ፤ የየት ሶኬት እንደሆነም በወረቀት ጻፉበት። መስታወቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን አትጥረጉት፤ በቀላሉ ይለቃል፤ ቲዩቡን የምንለየው በእሱ ነው። ገመዶቻችሁንም አብራችሁ አምጡ።

ከአክብሮት ጋር
የጥገና ክፍሉ ባለሙያዎች