«አንድ ፕላስ ብቻ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ወባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ አጎበሩ፣ ስለ ርጭቱ፣ ያቆረ ውሃ ስለማፋሰስ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ወባ ሰውን እንዴት እንደሚገድል አንድም መስመር አላገኘሁበትም። እኔ ቆላ አገር ጤና ጣቢያ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ስላይድ ማለትም በመስታወት ላይ የተቀባ ደም በማይክሮስኮፕ ሳነብ ነው የምውለው። ወላጆች «አንድ ፕላስ ብቻ ነው»፣ ማለትም በስላይዱ ላይ የታየው ወባ ጥቂት ነው፣ ሲባሉ እፎይ ብለው ሲሄዱ ሳይ ሆዴ ይፈራል።

ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ሲጎለምስ ደም ውስጥ እየዞረ አይቆይም። ከዞረ ጣፊያ ታስቀረዋለች። ስለዚህ በገባበት ቀይ የደም ሴል ላይ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ያወጣና ከትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር ይለጠፋል። እኔ ከጣት በወሰድኩት ጠብታ የማየው በአብዛኛው ገና ቀለበት የሚመስሉትን ለጋዎቹን ነው። የጎለመሱት አንጎል ውስጥ ተደብቀው ሊሆን ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ እንግዴ ልጁ ውስጥ።

የሚለጠፉበት ቦታ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕፃናትን ክፉኛ የሚያሳምመው ወባ የሚይዘው ኢፒሲአር የሚባለውን፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። የዚህ ተቀባይ ሥራ ደም ውስጥ ያለውን «ፕሮቲን ሲ» የሚባል ፕሮቲን ይዞ እንዲነቃ ማገዝ ነው፤ ፕሮቲን ሲ ደግሞ ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋ ይጠብቃል፣ የደም ሥሩንም ግድግዳ ያጸናል። ወባው ቦታውን ሲቀማው ፕሮቲን ሲ ማረፊያ ያጣል። አንጎል ውስጥ ይህ ተቀባይ ከመነሻውም ጥቂት ነው። ደም መርጋት ይጀምራል፣ ሥሩ ያፈሳል፣ አንጎል ያብጣል፣ ጠዋት ሲጫወት የነበረ ልጅ ማታ ያንዘፈዝፈዋል።

ወባው ትንኟ ሆድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ከእኛው ደም ጋር የገባውን ፕላዝሚኖጅን የሚባል ፕሮቲን ላዩ ላይ ይሰበስባል። እሱ ወደ ፕላዝሚን፣ ማለትም የረጋ ደም ወደሚያሟሟው ፕሮቲን፣ ሲቀየር የረጋውን ያሟሟለትና የአንጀቷን ግድግዳ ሰብሮ ያልፋል። እዚህም እዚያም የሚጠቀመው በእኛው ፕሮቲን ነው።

ታዲያ ደም ማቅጠኛ ቢሰጥስ ትሉ ይሆናል። ሄፓሪን ድሮ ተሞክሮ ሕመምተኞችን አድምቷል፣ አሁን አይመከርም። ለከባድ ወባ ያለን ዋና መድኃኒት በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔት ነው፣ እሱም በጊዜ ከደረሰ።

አምና አንዲት እናት ልጇ «አንድ ፕላስ» ተብሎ ኪኒን ይዛ ወደ ቤት ሄደች። ልጁ የዋጠውን ሁሉ አስመለሰው። «ቀላል ነው ተብያለሁ» ብላ አደረች። በማግስቱ ማታ ራሱን ስቶ በቃሬዛ መጣ። ተርፏል፣ ግን ለጥቂት ነው።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ይህን በጉልህ አውጡልን፦ ልጅ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉንም ካስመለሰው፣ ካንዘፈዘፈው፣ ከደነዘዘ ወይም ደግፈውት እንኳ መቀመጥ ካቃተው፣ ፕላሱ ስንትም ይሁን፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይምጡ።

አክባሪያችሁ፣
የላብራቶሪ ባለሙያ