ስለ ናይትረስ ፕሌት ምርጫ፦ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የቦምቦላው ግፊት ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በመኪና ዓምዳችሁ ላይ በቅርቡ የወጣውን፣ አዳማ ውስጥ መኪና ላይ ናይትረስ ኦክሳይድ መግጠም እየተለመደ መምጣቱን የሚገልጸውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ በጋዜጣ መነሳቱ መልካም ነው። ሆኖም ጽሑፉ ሁለት ቦታ ላይ ስለሳተና አንድ ዋና ነገር ስለዘለለ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። እዚሁ አዳማ ጋራዥ ከፍቼ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ደንበኞቼ ገና ከመኪናቸው ሳይወርዱ የሚጠይቁኝ "ስንት ፈረስ ጉልበት ይጨምርልኛል?" ብለው ነው፤ ጽሑፉም ፕሌቶቹን፣ ማለትም ናይትረሱንና ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ሳህኖች፣ ያወዳደረው በዚሁ መለኪያ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ግን በዚህ ከተማ ፕሌት የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያጣራ የሚገባው፣ ናይትረሱ የተሞላበት ቦምቦላ ግፊት ከፍ ዝቅ ሲል ቤንዚኑ እኩል ሊከተለው መቻል አለመቻሉን ነው።

በመጀመሪያ ጽሑፉ ናይትረስን "ተቀጣጣይ ጋዝ" ብሎታል፤ ይህ ትክክል አይደለም። ጋዙ ራሱ አይነድም። ከክብደቱ 36 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ሲሆን በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን በክብደት 23 በመቶ ገደማ ነው፤ ጋዙ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይፈርስና ይህን ኦክስጅን ይለቃል። ጉልበቱ የሚገኘው በዚህ ኦክስጅን ከወትሮው የበለጠ ቤንዚን ማቃጠል ስለሚቻል ነው። ናይትረሱ ገብቶ ቤንዚኑ ካነሰ ግን ቅይጡ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል፣ ሞተሩም ማንኳኳት ይጀምራል። አንድ ወጣት በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣልኝን ፒስተን ላየ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አናቱ በአንድ ጎን እስከ ላይኛው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ድረስ ቀልጦ ተበልቷል፣ ፋሻው ከቦታው ወጥቶ ተሰብሯል፣ የዚያው ሲሊንደር ካንዴላ ደግሞ ጫፉ ጠፍቶ ነጭ ሸክላው ላይ የአልሙኒየም ጠብታዎች ተለጥፈውበታል። የቀሩት ሦስት ፒስተኖች ደህና ነበሩ።

ሁለተኛው ስህተት አዳማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ናይትረስ "ይደክማል" የሚለው ነው። የሚደክመው ሞተሩ እንጂ ናይትረሱ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ናይትረስ ግን በራሱ ግፊት ከቦምቦላ የሚመጣ በመሆኑ ከፍታው እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት አያደርስበትም። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጂኤም-1 በተባለው ዘዴ በተዋጊ አውሮፕላኖቻቸው ሞተር ውስጥ ናይትረስ ይረጩ የነበረውም አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ጉልበት ለማግኘት ነበር። ለአዳማና ለሐዋሳ ሰው ነገሩ የሚያጓጓው በዚህ ምክንያት መሆኑ ይገባኛል፤ በተለይ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን ሞተር ማጎልበት የሚፈልገው ሰው ቢበዛ አይገርምም።

አሁን ጽሑፉ ወደ ዘለለው ጉዳይ ልምጣ። ፕሌት የሚባለው በካርቡሬተሩና ቅይጡን ለሲሊንደሮች በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ መካከል የሚገባ፣ ብዙውን ጊዜ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የአልሙኒየም ሳህን ሲሆን፣ በአንዱ ቀጭን ቧንቧ ናይትረስ፣ በሌላው ቤንዚን ይረጫል። የሁለቱን መጠን የሚወስኑት በመስመሮቻቸው ላይ የሚገቡት፣ ቀዳዳቸው የተለካ ጥቃቅን ጄቶች ናቸው፤ ጄቶቹ ደግሞ ልካቸው የተሰላው ቦምቦላው ከ900 እስከ 950 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ62 እስከ 66 ባር ግፊት እንዳለው ታስቦ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የናይትረስ ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱ ሲሆን በ15 ዲግሪ 45 ባር፣ በ20 ዲግሪ 50 ባር፣ በ30 ዲግሪ 63 ባር ያህል ይሆናል፤ ከ36.4 ዲግሪ በላይ ደግሞ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት ስለማይችል በጄቱ የሚያልፈውን መጠን መገመት ራሱ ያስቸግራል። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ሁሉ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ከሰዓት በኋላ የቆመ መኪና ውስጥ ያለ ቦምቦላ ይህን ሙቀት በቀላሉ እንደሚያልፍ አያጣውም። የቤንዚኑ ፖምፓ ግን ጠዋትም ከሰዓትም የሚገፋው በዚያው ግፊት ነው። ስለዚህ በማለዳ ብርድ የተሞከረና ቤንዚን በዝቶበት ጥቁር ጭስ ያወጣ መኪና፣ ባለቤቱ የቤንዚኑን ጄት ካሳነሰለት በኋላ ከሰዓት ላይ ቅይጡ ሳስቶ ፒስተን ያቀልጣል። በስልክ "ጠዋት እኮ በደንብ ሠርቶ ነበር" የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ያለፉ ናቸው።

በመሆኑም ፕሌት ገዢው ከብራንዱ ስም በፊት በዕቃው ውስጥ የቦምቦላ ግፊት መለኪያ መኖሩን፣ ከሌለም ለብቻው ገዝቶ መግጠም እንደሚችል ማረጋገጥ አለበት። ከዚህ የማይተናነሰው የቤንዚን ግፊት ነው። የካርቡሬተር ፕሌት የሚፈልገው ግፊት ትንሽ ቢሆንም፣ የአሮጌ መኪና ፖምፓ ካርቡሬተሩንና ፕሌቱን በአንድ ጊዜ መመገብ ላይችል ይችላል። ግፊቱ መለካት ያለበት ደግሞ መስመሩ ተዘግቶ ሳይሆን፣ የቤንዚኑ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ቫልቭ) ተከፍቶ ቤንዚኑ በጄቱ በኩል ወደ ዕቃ እየፈሰሰ ነው፤ ተዘግቶ ሲለካ ያማረ ቁጥር የሚያሳይ፣ ሲፈስ ግን የሚወርድ ፖምፓ ብዙ አይቻለሁ። ይህ ሥራ የሚከናወነው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከእሳት ርቆ ነው። ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ናይትረሱን የሚያቋርጥ ስዊች ዋጋው ከአንድ ፒስተን ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጽሑፉ በምሳሌነት ያነሳቸው ፕሌቶች በብዛት ለአሜሪካ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች፣ ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡሬተር እንዲገጥሙ የተሠሩ ናቸው። ከእኛ መኪኖች አብዛኞቹ ግን አራት ሲሊንደርና ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡሬተር ያላቸው ወይም ኢንጄክሽን ናቸው። ባለ ሁለት ጉሮሮ ፕሌት ይገኛል፤ የቡሎን ቀዳዳው ካልገጠመ ጎበዝ ቶርኖ ቤት መሸጋገሪያ ይጠርብለታል፤ ጓርኒሲዮኑ አየር እንዳያስገባ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ኢንጄክሽን መኪና ላይ ነገሩ ይለያል። ማኒፎልዱ አየር ብቻ እንዲያሳልፍ የተሠራ፣ ረጅምና ወደ ታች የጎደጎደ ከሆነ፣ ከአፉ ላይ የሚረጭ ቤንዚን ለአራቱም ሲሊንደር እኩል አይደርስም፤ ከታች ይጠራቀምና እሳት ወደ ኋላ ቢመለስ የፕላስቲክ ማኒፎልድን ይሰነጥቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ከፕሌት ይልቅ ተጨማሪውን ቤንዚን በራሱ ኢንጄክተሮች በኩል የሚሰጥ ዘዴ እመርጣለሁ፤ ኢንጄክተሮቹ አቅም ካላቸው ማለቴ ነው።

ስለ ጉልበቱ መጠን ብዙ አልልም። ውስጡ ላልተነካ አራት ሲሊንደር ሞተር ከ40 እስከ 60 ፈረስ ጉልበት ከበቂ በላይ ነው፤ የሚጀመረውም ከትንሹ ጄት መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ 50 ፈረስ ጉልበት ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) 2 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ መመለስ፣ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ፣ ማለትም ሙቀትን ቶሎ የሚያስወግድ ካንዴላ ማስገባት፣ ናይትረሱ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ሳይረገጥና ሞተሩ ወደ 3,000 ዙር ሳይደርስ እንዳይከፈት ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ካንዴላ ፈትቶ ማየት የሚሰለቸው ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ቦምቦላው ቫልቩ ወደ መኪናው ፊት፣ በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከቫልቩ በኩል ትንሽ ከፍ ብሎ በብረት ማሰሪያ ይታሰራል። ሲሞላ በሚዛን ነው፤ 10 ፓውንድ የሚይዘው ከ4.5 ኪሎ ግራም በላይ ከገባበት ሙቀት ሲመጣ የመተንፈሻ ቦታ ያጣል፣ የደኅንነት ዲስኩም ይፈነዳል። የዲስኩ ማስወጫ በቧንቧ ከመኪናው ውጭ ካልተወሰደ ጋዙ የሚሞላው አሽከርካሪው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ይህ ጋዝ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት የሚያገለግል መሆኑን ልብ ይሏል። ግፊት ለመጨመር ቦምቦላ ላይ እሳት የሚያስጠጋ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ለዚህ ሥራ የተሠራ፣ በራሱ የሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ በአዳማ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ማሞቂያ ሳይሆን ጥላና እርጥብ ጨርቅ ነው። ለሕክምና የተሞላ ቦምቦላ በጓዳ በር አስወጥቶ መኪና ላይ መጫንን በተመለከተ ደግሞ፣ ከበሽተኛ ማደንዘዣ የሚቀማ ሥራ ስለሆነ በእኔ ጋራዥ በር አይገባም።

ጽሑፉ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ የመሞከሪያ ቦታ አስመስሎ ማቅረቡም ቅር አሰኝቶኛል። የመንገዱ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚያ ፍጥነት ናይትረስ የሚያስፈልገው መኪና በቅድሚያ የሚያስፈልገው ጥገና ነው። ዓምዱ የፕሌቶችን ንጽጽር እንደሚቀጥል ስለተገለጸ፣ በሚቀጥለው ዕትም ከእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ቁጥር ጎን ያ ቁጥር በስንት ባር የቦምቦላ ግፊትና በስንት የቤንዚን ግፊት እንደተገኘ አብሮ እንዲታተም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የጋራዥ ባለቤት፣ ከአዳማ