የደበዘዘ የፊት መብራት በጥርስ ሳሙና አይድንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት ሲገባ እኛ ጅማ ያለን ባለመኪኖች የፊት መብራት መድከሙ ትዝ ይለናል። ወዲያው ሁለት ምክር ይመጣል፤ አንዱ «በኮልጌት እሸው»፣ ሌላው «ትልቅ አምፖል ግጠምበት»። ሁለቱም አያዋጡም።

በቪትዝ፣ በያሪስና በመሳሰሉት መኪኖች ላይ መስታወት የምንለው ክፍል ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካው ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ስስ ሽፋን ይቀባዋል። ቢጫ የሚሆነውና የሚላጠው ይኸው ሽፋን ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ደመናው ቢበዛም ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። የጥርስ ሳሙና የሞተውን ሽፋን ፍቆ ለጥቂት ሳምንት ያበራል፤ ከዚያ ራቁቱን የቀረው ፕላስቲክ ከበፊቱ ፈጥኖ ይደበዝዛል። ናፍጣ መቀባት ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ነው።

ከሁሉ በፊት መብራቱ ላይ ውኃ ያፍስሱበት። እርጥብ ሳለ ጥርት ካለ ጉዳቱ ከውጭ ነው፣ ይድናል። ካልጠራ ችግሩ ከውስጥ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት አይነካውም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ቁጥር 800፣ 1000 እና 1500 የውኃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማስኪንግ ቴፕ፣ የሕክምና አልኮልና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ባለ ሃርድነር ትራንስፓረንት (ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚረጭ ቀለም አልባ ቫርኒሽ) ነው። ለሁለት መብራት 100 ሚሊ ሊትር ትራንስፓረንት ከበቂ በላይ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ጣሳ ከመግዛት ቀለም ቤት ሄዶ ከሌላ ሥራ ጋር ማስረጨት ይረክሳል። ዙሪያውን በቴፕ ሸፍኖ፣ ጥቂት ሳሙና ባለበት ውኃ እያራሱ በ800 መፈግፈግ ነው። መጀመሪያ ቢጫ ውኃ ይወርዳል፤ ነጭ እስኪሆን መቀጠል አለበት። አሮጌ ሽፋን በጠርዙ ላይ ከቀረ አዲሱ ከዚያ ጀምሮ ይላጣል። 800 በአግድም ከሄደ 1000 በቁም ይሂድ፤ ያለፈው ጭረት መጥፋቱ የሚታየው ያኔ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትራንስፓረንት የሚረጭ ከሆነ 1500 ላይ ያቁሙ። ፖሊሽ ተደርጎ ያብረቀረቀ ፕላስቲክ ቀለም አይዝም፤ የቀረውን ደቃቅ ጭረት ራሱ ትራንስፓረንቱ ይሞላዋል። ማጽጃው አልኮል ይሁን፤ ቲነርና ቤንዚን ፖሊካርቦኔትን ይሰነጣጥቁታል። ትራንስፓረንቱም ውስጥ ቲነር ስላለ የመጀመሪያው እጅ ቅብ ስስ መሆን አለበት፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛው ይከተላል። የሃርድነሩ መጠን ጣሳው ላይ እንደተጻፈው ነው። ዝናብ ባዘለ አየር ከተረጨ ወተት ይመስላል፤ በጅማ ክረምት ፀሐያማ ረፋድ መጠበቅ ግድ ነው። ሃርድነሩ ሳንባ ይጎዳልና ተራ የአፍ መሸፈኛ አይበቃም።

ውስጡ ውኃ የቋጠረ መብራት ተፈትቶ ይደርቃል፤ መተንፈሻው ይጸዳል፣ የተሰነጠቀው ማሸጊያ ይታደሳል። የውስጡን አንጸባራቂ ግን በጨርቅ እንዳይነኩት፤ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ተጠርጎ ይወጣል።

ስለ አምፖል፦ ለ60/55 ዋት (ረጅም/አጭር) በተሠራ መብራት ውስጥ የ100 ዋት አምፖል ሶኬቱን ያቀልጣል። በደበዘዘ ፕላስቲክ ውስጥ ደግሞ የሚጨምረው ብርሃን ተበትኖ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል እንጂ መንገዱን አያሳይም። ይልቅ ሞተር ተነሥቶ፣ መብራት በርቶ አምፖሉ ጋ ያለውን ቮልት ያስለኩ። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲያንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የዛገ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ ነው፤ ጠግኖ ማሰር ከአምፖል ዋጋ አይበልጥም።

ያገለገለ መብራት ለሚገዛ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ለጃፓን መንገድ የተሠራው አጭር መብራት ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ይህ የተቃራኒውን ሾፌር ያሳውራል። ከመክፈል በፊት ግድግዳ ላይ አብርቶ የብርሃኑ ጠርዝ በቀኝ በኩል ከፍ ማለቱን ማየት ያስፈልጋል። ከተገጠመ በኋላም ይኸው ጠርዝ በ5 ሜትር ርቀት ግድግዳው ላይ ከአምፖሉ ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይስተካከል።

ከጅማ