መርቆ መሸኘት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

አዲስ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚጠሩበት ሰሞን በጎንደር የአባቶች ወሬ አንድ ነው፤ ልጁ የት ደረሰው፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ እዚያ ማን ዘመድ አለ። ጭንቀቱ የእኔም ስለሆነ አልነቅፈውም። የሚያሳስበኝ አብሮት እየበረታ የመጣው ልማድ ነው፤ ልጁ ከቤት ከወጣ በኋላም የትምህርት ክፍሉን፣ የጓደኛውንና የኪስ ገንዘቡን ነገር አባት በስልክ ሊወስንለት ይፈልጋል።

ልጅን ወደ ሩቅ አገር መሸኘት ለዚህች ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። የከተማችን የበአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም በከበሮና በጸናጽል የሚታጀበው የዝማሬ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ በመሆኗ ከየአውራጃው የተነሡ የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግበው ለዘመናት ወደ ጎንደር ሲመጡ ኖረዋል፤ የእኛም ልጆች ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም ተሻግረዋል። አንዳንዱ ልጅ ለወላጆቹ ሳይናገር የሚጠፋ ቢሆንም፣ አውቆ የሸኘ አባት ከመረቀ በኋላ የልጁን ወሬ ሳይሰማ ወራት፣ አልፎም ዓመታት ይቆይ ነበር። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ የሚለምን ሕፃን ምን ያህል እንደሚራብና ውሻ እንደሚያሳድደው ስለማውቅ ያ ዘመን ይመለስ አልልም፤ ምርቃቱ ግን ይናፍቀኛል። በሌላ በኩል ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ የነገሥታቱ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ወህኒ አምባ ላይ ይጋዙ ነበር። ከአምባው አውርደው ዘውድ የሚጭኑለት ልዑል፣ ስለሚገዛው ሕዝብ ኑሮ ከየት ሊያውቅ ይችላል?

የመጀመሪያ ልጄ ጅማ ተመደበ። እናቱ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ስትቋጥርለት፣ እሱ ሻንጣውን መሬት ላይ ዘርግቶ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አወጣና በምትኩ መጻሕፍት ጨመረ። አፌ ድረስ የመጣውን ቃል ያዝኩት፤ የሚሄደውም፣ የሚበርደውም እሱ ነውና። ጉልበቴን ሲስም "በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ፣ የሰው መውደድ ይስጥህ" አልኩት። ዓመቱ አልፎ ምርጫ ሲመጣ እኔ ምሕንድስናን ብመኝለትም እሱ ግብርናን መረጠ። ምክንያቱን ጠየቅሁት፣ አስረዳኝ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሕጉም ቢሆን 18 ዓመት የሞላውን ልጅ ለአካለ መጠን የደረሰ ብሎ ከአሳዳሪና ከሞግዚት ሥልጣን ያወጣዋል። ሆኖም መልቀቅ በልደት ቀን ወይም በመናኸሪያ ደጃፍ የሚጀመር አይመስለኝም። ወፍጮ ቤት ስንልከው ሒሳቡን ራሱ ከፍሎ እንዲመለስ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ለቅሶ ቤት እኛን ወክሎ እንዲቀመጥ ካላደረግነው፣ በዚያ ዕድሜው ድንገት ሰው እንዲሆን መጠበቅ ግፍ ነው። ለሴት ልጆቻችን ይህ ዕድል ከወንዶቹም ያነሰ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ወንድሟ ሲመረቅ እሷ የምትመከርበት ቤት ብዙ ነው።

ታናሽ እህቱ በመጪው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ራሷ እንድትሞላ፣ እኔም ስትጠይቀኝ ብቻ ሐሳቤን እንድነግራት ከአሁኑ ተስማምተናል፤ ለወንድሟ የሰጠሁትን ምርቃትም ሳላጎድል እሰጣታለሁ።

አንድ አባት፣
ከጎንደር