ተወዛዋዡ የሄደው ለገንዘብ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የባሕር ዳር ተወዛዋዦች ስለምን እንደሚሰደዱ ባወጣችሁት ሐተታ የዘረዘራችኋቸው ምክንያቶች፣ ማለትም የክፍያው ማነስ፣ የቱሪስቱ መጥፋትና የጸጥታው ሁኔታ፣ እውነት መሆናቸውን በዚህችው ከተማ በባህል ምሽት ቤት ማሲንቆ የምመታ ሰው በመሆኔ አውቃለሁ። ለዓመታት አብሮኝ የሠራው አንድ ተወዛዋዥ ግን በአንዱም ውስጥ አይገባም። እሱ የሄደው ፍቅረኛው ወንድ መሆኑ ስለታወቀበት ነው።

እስክስታ ሲወርድ ታዳሚው ከመቀመጫው እየተነሣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለት ነበር። ሁኔታው የሴት ነው እያሉ ሲቀልዱበትም ቀልዱን ተቀብሎ ግጥም ያቀብለኛል፤ እኔ እዘፍነዋለሁ፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ወሬው ሰፈሩ ሲደርስ ግን ቤት እንዲያስለቅቁት አከራዩን የመከሩት፣ በስልክም የዛቱበት፣ እነዚያው ሲስቁ ያመሹ ሰዎች ነበሩ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አቤት ለማለትም ፈራ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ስለሚቀጣ፣ ከሳሽ ሆኖ የገባ ተከሳሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

አሁን ኬፕታውን ይኖራል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት፣ እሱም በአጋጣሚ በ1996፣ ግን በእነሱ አቆጣጠር የወጣው፣ በጾታ ዝንባሌ ምክንያት ማንም አድልዎ እንዳይደረግበት ይከለክላል፤ በዚያው አቆጣጠር በ1998 የወጣው የስደተኞች ሕጓም በዚሁ ምክንያት የሚሳደድን ሰው ጥገኝነት ሊጠይቅ ከሚችል ወገን ይቆጥረዋል። ኑሮው ግን ተመቻችቷል ማለቴ አይደለም። በእነሱው አቆጣጠር በ2008 የውጭ አገር ሰዎች የተገደሉባትና ሱቆቻቸው የተዘረፉባት አገር ናት፤ የመኖሪያ ወረቀቱም ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይንከባለላል። ከሁሉ የከበደው ግን አበሻ በሚበዛበት ሰፈር መኖር አለመቻሉ ነው፤ ከዚህ ሲሸሽ የሸሸው ያው ወሬ እዚያ ቀድሞት ደርሷልና። በዓል የሚውለው አማርኛ ከማያውቁ፣ ነገር ግን እሱንም ፍቅረኛውንም በአንድ ማዕድ ከሚያስቀምጡ ሰዎች ጋር ነው። እዚያው ከእነሱ ጋር መድረክ ላይ ይወጣል። በላከልኝ ቪዲዮ ትከሻው እንደ ድሮው ነው፤ ማሲንቆው ግን ከስልክ የሚለቀቅ መሆኑ፣ እንደ ሙያተኛ፣ በጣም አስቆጭቶኛል።

ሃይማኖቴ አይፈቅድም የሚለውን አንባቢ አከብራለሁ፤ እኔም ጊዮርጊስን ሳልሳለም ሥራ የማልገባ ሰው ነኝ። ሆኖም ቤት ማስለቀቅንና በስልክ መዛትን የሚያዝ ሃይማኖትም ሕግም አላውቅም። ደግሞስ አዝማሪ ለጋብቻ ይናቅ የነበረበትን ዘመን ታላላቆቻችን ያስታውሱት የለምን? እኛ ዛሬ በሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ የምናገኘው ጭብጨባ ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም።

ስለዚህ በጉዳዩ ላይ ዳግመኛ ስትጽፉ፣ ማንነታቸው በማይታወቅበት መንገድ እንዲህ ያሉትንም ሰዎች እንድትጠይቁ፣ ምክንያታቸውንም ከክፍያና ከገበያ ጋር ሳትቀላቅሉ ለብቻው እንድታወጡት በአክብሮት አመለክታለሁ።

ስሜ እንዳይወጣ የጠየቅሁ ማሲንቆ መቺ፣ ከባሕር ዳር